አንድ ያልጾመ ምላስ ፍለጋ

ሰው «ሥራህ ምንድን ነው?» ሲለኝ ቶሎ አልመልስም። እናቴ ለጎረቤት ስትናገር «ልጄ ጁባ ትልቅ መሥሪያ ቤት ነው የሚሠራው» ትላለች፤ ሐሰት የለበትም፣ መሥሪያ ቤቱ ትልቅ ነው። የእኔ ሥራ ግን ቀን ማክበር ነው። የውሃ ቀን ይከበራል፣ የእጅ መታጠብ ቀን ይከበራል፣ የወባ ቀን፣ የመምህራን ቀን፣ የሴቶች ቀን፣ ሌላም ሌላም። እኔ ባነር አሠራለሁ፣ ድንኳን አስተክላለሁ፣ ቲሸርት አሳትማለሁ፣ ምሳ አስጭናለሁ። ጓደኞቼ «የቀን ሠራተኛ» ይሉኛል፤ አልቀየማቸውም። እኛ አበሾች በወር ውስጥ አቦን፣ ሚካኤልን፣ ገብርኤልን፣ ማርያምን እየቆጠርን ያደግን ሰዎች ስለሆንን የእጅ መታጠብ ቀን ቢመጣብን ብዙም አይደንቀንም። ልዩነቱ የእኛ ቀን በንፍሮና በጠላ ማለፉ፣ የእነሱ ደግሞ በንግግር ማለፉ ነው። በንግግር ያለፈ ቀን ያስርባል፤ ስለዚህ የቀኑ ሁሉ መደምደሚያ ምሳ ነው። ምሳው ከተበላሸ የውሃውም፣ የወባውም፣ የእጁም ነገር አብሮ ይበላሻል።

ከዓመቱ ቀኖች ሁሉ ግን ሁለቱ ሲነሡ መግቢያ ይጠፋኛል፤ የወጣቶችን ቀንና የሳይንስን ቀን። ምን ቢያደርጉህ ነው ትሉኝ ይሆናል። ልናገር።

የወጣቶች ቀን የሚውለው ነሐሴ ላይ ነው። ነሐሴ ጁባ ላይ ዝናብና ጭቃ ነው፤ ለእኛ ደግሞ ፍልሰታ ነው። ቀኑን የመረጡት ሰዎች ፍልሰታን አላሰቡትም፤ አልፈርድባቸውም። እኔ፣ የአበሻ ልጁ፣ አለማሰቤን ግን ምን ልበለው?

የመሥሪያ ቤታችን አስተዳደር ኃላፊ ማዳም ግሬስ ትባላለች። ቁመቷ አጭር፣ ትዕግሥቷ ከቁመቷም ያጠረ ሴት ናት። የየበዓሉን ምሳ ሁልጊዜ የምታዝዘው ወንዝ ዳር ካለ ትልቅ ሆቴል ነበር። ዘንድሮ ግን እግሯ ሥር ወድቄ፣ «እስኪ አንዴ የአገሬን ሴት ሞክሪያት» ብዬ ለመንኳት። የአገሬ ሴት እትዬ አስካለ ናቸው። ጀበል ገበያ አጠገብ አራት ጠረጴዛ ያላት ምግብ ቤት አለቻቸው። መንገድ የሚሠሩት ኢትዮጵያውያን በነበሩ ጊዜ ጠረጴዛዎቹ አይበቁም ነበር፤ መንገዱ አልቆ ሰዎቹ ሲሄዱ ጠረጴዛዎቹ ዝንብ ማረፊያ ሆኑ። እትዬ አስካለ ሰኔ ላይ «እስከ መስከረም አይቼ ካልሆነ ዘግቼ እገባለሁ» አሉኝ። ከዚህ አገር ሲወጡ የሚገቡበት ቤት እንደሌላቸው አውቃለሁ፤ እሳቸውም እንደማውቅ ያውቃሉ። ስለዚህ «እገባለሁ» ሲሉ ሁለታችንም ወደ መሬት አየን።

ማዳም ግሬስ ለረጅም ጊዜ አየችኝና እንዲህ አለች። «ጥሩ። የወጣቶችን ቀን ታብስል። ከጣፈጠ የቀሩት ቀኖች ሁሉ የእሷ ናቸው። ካልጣፈጠ ስሟን ሁለተኛ እንዳታነሳብኝ።»

ይሄ ነበር ነገሩ። አንድ ምሳ፣ አንድ ቤት።

አሁን ደግሞ የግል ችግሬን ልንገራችሁ፤ ያለ እሱ የቀረው አይገባችሁም። እትዬ አስካለ ቤት መጀመሪያ የገባሁት ዓርብ ቀን ነበር። ገና ሳልቀመጥ «ጾም ነህ አይደል የኔ ልጅ?» አሉኝ። አጠያየቃቸው አይሆንም የሚያስብል አልነበረም። «እንዴታ!» አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «የኔ ጿሚ» ሆንኩ። በዚህ ዘመን፣ በዚህ አገር፣ በዚህ ዕድሜው የሚጾም ወንድ እያሉ ለሰው ያሳዩኝ ጀመር። ሱፍ ፍትፍቴ ከሌላው ሰው ይበዛል። እኔም ረቡዕና ዓርብ እሳቸው ዘንድ በየዓይነቱን በልቼ፣ አመስግኜ እወጣና፣ ሾፌራችን ላዶ ድልድዩን አሻግሮ ጉምቦ ይወስደኛል። ጉምቦ አንድም አበሻ የማያየኝ የፍየል ጥብስ ቤት አለ። እውነቱን ለመናገር ክፋት የለብኝም፤ ሆዳም ነኝ እንጂ። ሰው ፊት ጾሜ፣ ወንዝ ተሻግሬ እገድፋለሁ። ፍልሰታን ሕፃን እንኳ ይጾማል፤ እኔ በወጣቶች ቀን ጠዋት ሰፈሬ ካለች ዑጋንዳዊት በቻፓቲ የተጠቀለለ እንቁላል በልቼ፣ አፌን በሎሚ ተጉመጥሙጬ ነው የወጣሁት።

ላዶ መጣ። ከኋላ ኛማል ተቀምጣለች። ኛማል ያን ቀን ትዕይንት የሚያቀርበው የወጣቶች ሳይንስ ክበብ መሪ ናት፤ ጋምቤላ ተወልዳ አዲስ አበባ ተምራ ጁባ የገባች የኑዌር ልጅ። ጭኗ ላይ አንድ የካርቶን ሳጥን ታቅፋለች።

«ማሌ! እንዴት አደርክ?» አለችኝ፤ «ማሌ» የኑዌሮች ሰላምታ ነው። ድምፅዋ የሞተ ነው።

«ምን ሆነሻል?»

«ወባ። ሁለተኛ ቀኔ ነው ኪኒን ስወስድ። ግን ትዕይንቱን ማንም አይሠራልኝም። ሳጥኑንም ለማንም አልሰጥም፤ ከዝናብ ነው ያዳንኩት።»

ዕቅዳችን ቀላል ነበር። ጀበል ሄደን ምሳውን መጫን፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ግቢያችን። ድንኳኑ ተተክሏል፣ ባነሩ ተሰቅሏል፣ እንግዶች እኩለ ቀን ላይ ይበላሉ። በሰው ዕቅድ የሚስቅ አምላክ ያን ቀን በደንብ የሳቀ ይመስለኛል።

ጀበል ስንደርስ ዝናቡ አባርቷል። ጓዳው ውስጥ ሁለት ትልልቅ ድስቶች ከሰል ላይ ተጥደዋል፤ አንዱ ቀይ የፍየል ወጥ፣ አንዱ አልጫ። ሽታው ብቻውን ያስገድፋል። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ሌሊት ተነሥተው ጥደው፣ ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ተመልሰው ነው። የእህታቸው ልጅ ሰናይት እንጀራውን እየጠቀለለች ትደረድራለች። ሁለቱም ከትናንት ወዲህ ውሃ አልቀመሱም፤ ፍልሰታ ላይ ቅዳሴ እስኪወጣ ድረስ ምንም ወደ አፋቸው አይገባም።

ድስቱን ልናወርድ ላዶን ስጠራው ሰናይት እንደዋዛ «ስለ ጨዉ አይጨነቁ እትዬ፣ ቀዩ ላይ እኔ ጨምሬያለሁ» አለች።

የእትዬ አስካለ እጅ ማማሰያው ላይ ቆመ።

«መቼ?»

«እርስዎ ቤተ ክርስቲያን ሳሉ።»

«እኔ እኮ ልሄድ ስል ጨምሬ ነው የሄድኩት።»

«የቱ ላይ?»

«መብራት አልነበረም። በር አጠገብ ያለው ድስት ላይ ነው። በር አጠገብ ያለው አልጫው አልነበረም?»

ሰናይት ፊቷ ልውጥ አለ። «ድስቶቹን አቀያይሬያቸዋለሁ፤ የአንደኛው ከሰል ደክሞ ነበር። እርስዎ ከመሄድዎ በፊት ይሁን በኋላ . . . እኔንጃ።»

እንግዲህ ሒሳቡ እንዲህ ነው። እትዬ አስካለ ጨው የጨመሩት አልጫው ላይ ከሆነ ሁለቱም ወጥ ልክ ነው። ቀዩ ላይ ከሆነ ግን ቀዩ ሁለት ጊዜ ጨው በልቷል፣ አልጫው ደግሞ ጨው የሚባል ነገር አላየም። ከሁለቱ የቱ እንደሆነ ለማወቅ አንድ ነገር ብቻ ያስፈልጋል፤ አንድ ማንኪያ ቀምሶ «ነው» ወይም «አይደለም» የሚል ሰው።

እትዬ አስካለ ሰናይትን አዩ። ሰናይት እትዬ አስካለን አየች። ከዚያ ሁለቱም እኔን አዩኝ።

«ምን ዋጋ አለው፤ አንተም ጿሚ ነህ» አሉ እትዬ አስካለ በሐዘኔታ። እኔም ሞኙ፣ ራሴን በሐዘኔታ ነቀነቅሁ።

እትዬ አስካለ በዕድሜያቸው ሙሉ በጾም ወራት ለሰው የፍስክ ሲሠሩ ቀምሰው አያውቁም። እጃቸው ያውቃል። ችግሩ እጃቸው የሚያውቀው የአራት ጠረጴዛ ድስት ነው፤ ይሄ የድንኳን ሙሉ ሰው ድስት ነው፣ ያውም ሁለት እጅ የገባበት። ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይወረውሩሃል ይባላል፤ ያን ቀን የሚወረወረው ግን ጨው ብቻ አልነበረም።

«ላዶ ይቅመስ!» አልኩ። ላዶ ጾም የለበትም። ከቀዩ ጨለፉለት፤ ዐይኑን ጨፍኖ ዋጠ። «ኩዌስ!» አለ። ከአልጫው ጨለፉለት። «ኩዌስ!» ግራ ገባን። እንደገና ከቀዩ ሰጡት። «ኩዌስ ሸዲድ!» በአረብኛቸው ጥሩ፣ በጣም ጥሩ ማለቱ ነው። ላዶ የሰው ቤት ምግብ ማማት ነውር ነው ተብሎ ያደገ ሰው ነው፤ አሸዋ ብትሰጡት ኩዌስ ይላል። ሦስተኛውን ማንኪያ ሲጠይቅ እትዬ አስካለ ድስቱን ከደኑት።

ላዶ ግን ጥሩ ሰው ነው፤ ጭንቀታችንን አይቶ ሊረዳን ፈለገ። ፊቱ በርቶ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረና «ኡስታዝ ጊ አኩሉ ላሃም!» አለ።

«ሥጋ ይበላል» ማለቱ ነው፤ «ኡስታዝ» የሚለው እኔን ነው።

«ምን አለ?» አሉ እትዬ አስካለ።

«ሥጋው ጥሩ ነው አለ» አልኩና ወደ ላዶ ዞሬ «ሂድ መኪናዋን አሙቅ!» ብዬ ጮህኩበት። በነሐሴም ቢሆን ጁባ ላይ መኪና ማሞቅ አያስፈልግም። ላዶ እየተገረመ ወጣ።

ሰናይት ሮጣ ከድርን ጠራችው። ከድር ጎረቤት ልብስ ሰፊ ነው፣ የጅማ ልጅ፣ ፍልሰታ አይጾምም፣ የወጥን ነገር የሚያውቅ ምላስ አለው። ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳጠለቀ መጣ። ማንኪያውን ተቀበለ፤ ወደ አፉ አስጠጋ፤ ከዚያ መለሰው።

«እትዬ፣ ፍየሉን ማን ባረከው?»

ማን እንደባረከው ሁላችንም እናውቃለን። እትዬ አስካለ ራሳቸውን ይዘው ተቀመጡ። «ይቅር በለኝ ልጄ። ጨንቆኝ እኮ ነው።»

«ኧረ ምንም አይደል» አለ ከድር። ካዘነልን ብዛት ሊሄድ አልቻለም፤ በሩ ላይ ቆሞ «በማሽተት አይታወቅም?» ይላል። አሸተተ። «ሽታው ልክ ይመስላል» አለ። ጨው እንደማይሸት ነግረነው ሄደ።

ጴንጤ የሆነ አንድ ኢንጂነር ወዳጅ አለን። እሱ ጾምም የለበት፣ ሥጋም ይወዳል። ደወልኩለት። ረጃፍ ነው፤ ከከተማ ወጣ ብሎ የሚሠሩትን ሕንፃ ሊያይ ሄዷል። «እስከ ማታ እመጣለሁ፤ አስቀምጡልኝ» አለ። የእኔን ድምፅ ሰምቶ ግብዣ መስሎት ነው።

በዚህ መሀል ስልኬ ጮኸ። ማዳም ግሬስ።

«ምሳው የት ደረሰ?»

«እየተጫነ ነው።»

«ክቡር እንግዳው ቀድመው መጥተዋል። ንግግሩ ተጀምሯል። ሆቴሉ ጋ ደውዬ ተጠባባቂ ምግብ ላዝዝ?»

«አያስፈልግም! በፍጹም አያስፈልግም!»

ስልኩን ስዘጋው እትዬ አስካለ ዐይን ዐይኔን ያዩኛል። እንግሊዝኛ አይሰሙም፤ «ሆቴል» የሚለውን ግን ሰምተዋል።

«ኛማል!» አልኩ በድንገት። ረስቻት ነበር። በር ላይ ያለች ወንበር ላይ ሳጥኗን ታቅፋ ተቀምጣለች። «አንቺ አትጾሚም፤ የሐበሻ ወጥ እየበላሽ ነው ያደግሽው። ቅመሽ እስቲ!»

«ወንድሜ፣ አፌ እኮ ሞቷል። ኪኒኑ ውሃውን ራሱ እሬት አድርጎብኛል። ማር ብታበላኝ መረረኝ ነው የምልህ።» ከዚያ ሳጥኗን አየች። «ግን . . . ጨው ነው አይደል የምትፈልጉት?»

ሳጥኑን ከፈተችው። ባትሪ፣ ሽቦ፣ ሁለት ምስማር፣ አንዲት ትንሽ መብራት። ጨው ያለበት ውሃ ኤሌክትሪክ እንደሚያስተላልፍ ለክቡር እንግዳው ልታሳይ ያዘጋጀችው ነው። ሁለቱ ምስማሮች ጨዋማ ነገር ውስጥ ሲገቡ መብራቷ ትበራለች፤ ጨዉ በበዛ ቁጥር ትደምቃለች።

«ልኩ የታወቀ ወጥ ያስፈልገኛል» አለች። «የምናመሳክርበት።»

«ትናንት የበላነው ሽሮ አለ» አለች ሰናይት። «ጨዉ ልክ ነበር።»

ሽሮው በብርጭቆ ቀረበ፤ ምስማሮቹ ገቡ፤ መብራቷ ለዘብ ብላ በራች። «ይሄ ልኩ ነው፤ ያዙልኝ» አለች ኛማል። ከአልጫው በሌላ ብርጭቆ ተቀዳ። እንደ ተያዘ ወንጀለኛ ከበነው ቆምን። ምስማሮቹ ገቡ። መብራቷ ጭል . . . ብላ ጠፋች። ከቀዩ ተቀዳ። ምስማሮቹ ገና ሲነኩት ቦግ አለች። ሰናይት ወደ ኋላ ሸሸች።

«በስመ አብ!» አሉ እትዬ አስካለ አማትበው።

«ቀዩ ሁለት ጊዜ ጨው ገብቶበታል፣ አልጫው ምንም የለውም» አለች ኛማል። «መብራቷ እንደምታሳየው ከሆነ።»

ሰናይት ብልህ ልጅ ናት። «ታዲያ ብንቀላቅላቸውስ? የቀዩ ጨው ለሁለቱ ይበቃል!»

እትዬ አስካለ ከተቀመጡበት ተነሡ። እንደዚያ ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም።

«ቀይ ወጥና አልጫ? አንድ ላይ? ከናቴ ጓዳ ጀምሮ እስከዛሬ ሠርቼው የማላውቀውን? ውሸቱን ከሆነስ? ሁለቱም ልክ ከሆኑስ? በመብራት ምስክርነት ሁለት ደህና ወጥ አላበላሽም! አንቺ ልጅ፣ ይሄ መብራትሽ ተሳስቶ ያውቃል?»

ኛማል አልዋሸችም፤ ሳይንስን የሚያስጠላው ይሄ ነው። «ያውቃል። ቅባት ሲበዛ ይሳሳታል። ቅባት ያግደዋል፤ ከሥሩ ነው የነከርኩት፣ ግን ወጡ ቅባታም ነው። ጨው የበዛው የት እንደሆነ ሊነግረን ይችላል፤ ይጣፍጥ አይጣፍጥ ግን አያውቅም። እሱን የሚያውቅ ምላስ ነው።»

«ታዲያ ምላስ አምጡልኛ!» አሉ እትዬ አስካለ፤ ድምፃቸው ተሰበረ። «አንድ ያልጾመ አበሻ በዚህ ከተማ ይጥፋ?»

ስልኬ እንደገና ጮኸ። አላነሣሁትም። ዐይኔ አራቱ ጠረጴዛዎች ላይ ወደቀ፤ ሁሉም ላይ የተጠቀለለ እንጀራ ተደርድሯል። ስንት ወር እንዲህ ሞልተው አያውቁም። በሩ ላይ ላዶ ተመልሶ ቆሟል። እኔን ብቻ ያየኛል። እንደዚያን ዕለት የላዶን ዐይን ጠልቼው አላውቅም። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል አሉ። ማንኪያውን ከጠረጴዛው ላይ አነሣሁ።

«እኔ እቀምሳለሁ» አልኩ።

«አንተማ ጾም ነህ» አሉ እትዬ አስካለ።

«አይደለሁም።»

«ለእኔ ብለህ አትገድፍ! ኃጢአቱ በእኔ ነው የሚቆጠረው!»

ይሄን ጊዜ ዝም ብል ጀግና ሆኜ በወጣሁ ነበር። ለሰው ቤት ብሎ ጾሙን የሠዋ ሰው! አፌ ላይ ደረሰ፤ «ምን ላድርግ እትዬ፣ ለእርስዎ ስል ነው» ልል። የላዶ ዐይን ግን አላስቻለኝም። «ጠዋት እንቁላል በልቻለሁ» አልኩ፤ የወጣው ድምፅ የእኔም አይመስልም። ቀይ ወጡን ጨለፍኩና ጎረስኩ።

እናንተዬ! ምላሴ ተጠቅልሎ ጉሮሮዬ ውስጥ ሊደበቅ ፈለገ። ዐይኔ እንባ አቀረረ። አልጫውን ጎረስኩ፤ ሙቅ ውሃ ውስጥ የታጠበ ፍየል።

«ቀዩስ?» አሉ እትዬ አስካለ።

«ጨው ነው።»

«አልጫውስ?»

«ውሃ ነው።»

ከዚያ በኋላ ቁጣውን ጠበቅሁ። አልመጣም። ፊታቸው ላይ ምንም ነገር አላነበብኩም። ወደ ሰናይት ዞረው «ትልቁን ድስት አምጪ» አሉ ብቻ። ሁለቱ ወጥ ሲገናኝ እትዬ አስካለ ፊታቸውን አዙረው ነበር፤ ሬሳ ሲወርድ የሚያዩ ነው የሚመስሉት። እሳቸው ሳያዩ እኔ እያማሰልኩ፣ እኔ እየቀመስኩ፣ «ትንሽ ቀይ ጨምሪ፣ በቃ፣ ትንሽ ደግሞ አልጫ» እያልኩ ሰናይትን ሳዝዝ ቆየሁ። በመጨረሻ ቀይም ያልሆነ ቢጫም ያልሆነ፣ የጁባ መንገድ ጭቃ የሚመስል ቀለም ያለው ነገር ወጣ። ቀመስኩት። እንደገና ቀመስኩት።

«ምን ሆንክ?» አሉ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

«ልክ ነው» አልኩ። ማመን ከብዶኝ ነው ደግሜ የቀመስኩት።

መንገዱን አልነግራችሁም። ድስቱን ከኋላ እኔና ሰናይት አቅፈነው፣ ኛማል ከፊት ሳጥኗን አቅፋ፣ እትዬ አስካለ መሀል ላይ ዳዊታቸውን በቃላቸው እያነበነቡ፣ ላዶ ከጉድጓድ ጉድጓድ እያዘለለን ደረስን። ላዶ አንድ ቃል አልተናገረም። እትዬ አስካለም አንድ ቃል አላናገሩኝም። ድስቱ ሲዘል ሁላችንም አብረን «ኧረ!» እንላለን፤ ያ ብቻ ነው ያነጋገረን።

ግቢው ውስጥ ንግግሮቹ አልቀው የኛማል ተራ ደርሶ ነበር። ድንኳኑ ሞልቷል። ኛማል ትኩሳቷን እንደያዘች ማይክራፎኑን ተቀበለች፤ ውሃ ውስጥ ጨው ጨምራ መብራቷን ቦግ አደረገቻት፤ ጭብጨባ ሆነ። ከዚያ «ይሄን መሣሪያ ዛሬ ጠዋት ጓዳ ውስጥም ሞክረነዋል» አለች።

እኔ ድስቱ አጠገብ ቆሜያለሁ። ማዳም ግሬስ አጠገቤ ናት። «የትኛው ጓዳ?» አለች ቀስ ብላ።

ኛማል ወደ እኛ አየች። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወስደዋል። «ምግብ ሠሪዋ ወጣቶችን አምና ድስቷን ከፈተችልን» አለች ኛማል። «ለዚህ ቀን ከተሰጠን ስጦታ ትልቁ ይሄ ነው።» ጭብጨባው ደመቀ። እትዬ አስካለ ለምን እንደሚጨበጨብ ሳይገባቸው እጅ ነሡ።

ከዚያ ተበላ። ማዳም ግሬስ አንድ ጎረሰች። አየኋት። አላኘከችም፤ ቆመች። ሁለተኛ ጎረሰች። ሦስተኛውን ስትጎርስ እንጀራውን በሁለት እጇ ይዛ ነበር።

«ይሄ ምን ይባላል?» አለችኝ።

ዞሬ እትዬ አስካለን ጠየቅኋቸው። ለአፍታ አሰቡ። «የወጣቶች ቀን ወጥ በላት» አሉ በብስጭት።

ተረጎምኩላት። ማዳም ግሬስ በሥራዋ ዘመን ከቀኑ ጋር ስሙ የሚገጥም ምግብ ያመጣ ሰው እንዳላየች ነገረችኝ። የሚቀጥሉት ቀኖች ሁሉ የእትዬ አስካለ ሆኑ። ይሄን ስነግራቸው ወደ ላይ አዩ፤ ወደ እኔ ግን አላዩም። እንግዶቹ ሲበታተኑ ከድስቱ ሥር የቀረውን ሥጋ ሁሉ በሰሐን ጠርገው አወጡና፣ ቆመው በሰው ሁሉ ፊት እጄ ላይ አኖሩት።

«ብላ እንግዲህ። አሁን ጉምቦ ድረስ ምን ያንከራትትሃል?»

«እትዬ፣ ጉምቦን ማን . . .»

«ላዶ ያለውን ያልሰማሁ መሰለህ? እኔ የዚህን አገር አረብኛ አንተ ሳትመጣ ነው ከሥጋ ሻጮች ጋር ስጨቃጨቅ የተማርኩት። ከፋሲካ በፊትም ሰምቻለሁ፤ የጥብስ ቤቱ ሰው ፍየል የሚገዛው እኔ ከምገዛበት ነው።»

በላሁ። ምን አማራጭ ነበረኝ? እንደዚያ የሚጣፍጥ ወጥ እንደዚያ አንገቴን ደፍቼ በልቼ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ሥራዬ ሁለት ሆነ። የዓለም ቀኖች ጾም አይመርጡም፤ በጾም ቀን ወጥ በተሠራ ቁጥር እትዬ አስካለ ይጠሩኝና ያለ አንዳች ንግግር ማንኪያ ይዘረጉልኛል። «የኔ ጿሚ» ማለታቸውን ተዉ። ሱፍ ፍትፍቱም ከሌላው ሰው እኩል ሆነ። ጠረጴዛዎቹ ሞልተዋል፣ መስከረም አለፈ፣ እትዬ አስካለ የትም አልገቡም፤ ደስ ብሎኛል። ያቺን ስሜን ግን፣ በውሸት ያገኘኋትን፣ ናፈቅኋት።

ኅዳር ገባ፤ የሳይንስ ቀን ደረሰ። ያን ቀን ጠዋት ወደ ጀበል ስሄድ ቀለል ብሎኝ ነበር። ረቡዕ አይደለ፣ ዓርብ አይደለ፣ የነቢያት ጾም ገና አልገባ። እየሳቅኩ ጓዳው ገባሁ።

«እትዬ፣ እንኳን ደስ አለዎት! ዛሬስ የራስዎን ወጥ ራስዎ ይቀምሳሉ።»

ማንኪያውን ዘረጉልኝ።

«ጽጌን እየጾምኩ ነው።»

«ጽጌ እኮ የፈቃድ ጾም ነው። ጾመውት አያውቁም!»

«ዘንድሮ ፈቀድኩ።»

«ለምን?»

ከሰሉን ቆሰቆሱ። ሰናይት እንጀራ እየጠቀለለች ፈገግታዋን ትደብቃለች።

«የፍልሰታውን ያንተን ነዋ የምጾመው» አሉ እትዬ አስካለ። «ያን ቀን ዝም ብትል ቤቴ ይዘጋ ነበር፤ አንተ ደግሞ ጿሚ ተብለህ ትኖር ነበር። ለእኔ ቤት ብለህ በሰው ፊት ቀለልክ። እኔ ይሄን ዝም ብዬ ልየው?»

«እትዬ፣ እኔ እኮ ከዚያ በፊትም ጾሜ አላውቅም» አልኩ።

«አውቃለሁ። የዚያኛውን ደግሞ ሰናይት እየጾመችልህ ነው። በል ቅመስልን፣ የኔ ጿሚ፤ ሰዓቱ ደረሰ።»

ቀመስኩ። ጨዉ ልክ ነበር። «ልክ ነው» ለማለት ግን ብዙ ቆየሁባቸው።